የሥራ መርሐ ግብር በኮምፒዩተር ሲዘጋጅ ተግባሮቹ ለዓይን ስለሚታዩበት ሥርዓት

ሥራን ከመጀመር አስቀድሞ በቀንና በወር መመደብ ለማናቸውም ታላቅ ሥራ መሠረት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ገበሬ የሚያርስበትን፣ የሚዘራበትንና የሚያጭድበትን ወራት ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ መንገድ የሚያስጠርግ፣ ወንዝ የሚያስጠልፍ ወይም ጐተራ የሚያሠራ ሹምም ሥራው በየትኛው ቀን ተጀምሮ በየትኛው ቀን እንዲፈጸም ሊያውቅ ይገባዋል። በአሁኑ ዘመን ይህ ድልድል በኮምፒዩተር ፕሮግራም ተዘጋጅቶ፣ በወረቀት ታትሞ ለሹሙ ይቀርባል። ሹሙም ብዙውን ጊዜ ሥራውን ራሱን ሳይሆን የሥራውን ሥዕል ተመልክቶ ይወስናል፤ ሠራተኛ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ ገንዘብ ያዛል፣ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚገልጠውና የሚሸሽገው ነገር ሥራውን ለማቃናት ወይም ለማበላሸት ብዙ ኃይል አለው። የመስመሩ ቀለምና መልክ ለጌጥ የተሰጠ ነገር ነው ብሎ ለጸሓፊው ፈቃድ መተው አይገባም።

የሥዕሉ አመጣጥ

ሥራን በአግዳሚ መስመር አድርጎ የመሣል ብልሃት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ከዚህ በታች ባለው ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለው የፖላንድ መሐንዲስ በ1896 ዓ.ም. የፋብሪካ ሥራ በጊዜ የሚታይበትን አንድ ሠንጠረዥ አሰበ፤ ነገር ግን በሰፊው የታወቀው ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት፣ በ1861 ተወልዶ በ1919 የሞተው፣ በ1910ዎቹ ዓመታት ባሰናዳው ሥዕል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ድረስ የጋንት ሠንጠረዥ ይባላል። በግራ በኩል የተግባሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ አግዳሚ መስመር ይሣላል፤ የመስመሩ መነሻ ሥራው የሚጀመርበትን፣ መድረሻውም የሚያልቅበትን ቀን ያመለክታል።

በ1957 ዓ.ም. ሞርጋን ዎከርና ጄምስ ኬሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሌላ ዕውቀት ጨመሩበት። እነርሱም ከብዙ ተግባሮች መካከል ትርፍ ቀን ያለው የትኛው፣ የሌለው የትኛው እንደ ሆነ በስሌት የሚለይበትን መንገድ አገኙ። ትርፍ ቀን የሌለው ተግባር ማለት በአንድ ቀን ቢዘገይ ጠቅላላው ሥራ በአንድ ቀን የሚዘገይበት ነው። ከዚያም በ1984 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የተባለው ፕሮግራም ወጣ፤ ከእርሱ ሌላ ያለ ዋጋ የሚገኙ ጋንት ፕሮጀክትና ፕሮጀክት ሊብሬ የሚባሉም አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ስሌቱን በቅጽበት ይሠራሉ። የስሌቱ ውጤት ለሹሙ ዓይን እንዲደርስ ማድረግ ግን ሥዕሉን የሚያሰናዳው ሰው ፈንታ ነው።

ስለ ረጅሙና ስለ አጭሩ መስመር አንድ ምሳሌ

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ የወንዝ መጥለፊያ ሥራ እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ሥራው በበጋ ተጀምሮ የክረምት ዝናም ከሚገባበት ከሰኔ 1 ቀን በፊት መፈጸም አለበት እንበል። ለስሌት እንዲቀል የዕረፍት ቀን ሳይለይ ሁሉም ቀን ቢቈጠር፣ ተግባሮቹ እንዲህ ይሰለፋሉ።

ልኬትና ችካል መትከል፤ ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 15፣ 15 ቀን።
እስከ ወንዙ የሚያደርስ መንገድ መጥረግ፤ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 15፣ 30 ቀን።
ድንጋይና አሸዋ ማጋዝ፤ ከታኅሣሥ 16 እስከ ጥር 15፣ 30 ቀን።
ውሃውን አዙሮ መሠረት መቈፈር፤ ከጥር 16 እስከ የካቲት 15፣ 30 ቀን።
ግንቡን መገንባት፤ ከየካቲት 16 እስከ ሚያዝያ 15፣ 60 ቀን።
የብረቱን በር መግጠም፤ ከሚያዝያ 16 እስከ ሚያዝያ 30፣ 15 ቀን።
ውሃ ለቆ መሞከርና ማስረከብ፤ ከግንቦት 1 እስከ ግንቦት 15፣ 15 ቀን።

ከእነዚህ ሌላ ቦይ መቈፈር የሚባል ተግባር አለ፤ እርሱም ልኬቱ እንዳለቀ ኅዳር 16 ተጀምሮ የካቲት 15 ይፈጸማል፣ 90 ቀን ይፈጃል።

ፕሮግራሙ ተግባሮቹን ሁሉ እንደ ልማዱ በአንድ ሰማያዊ ቀለም ቢሥላቸው፣ የሹሙ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቦዩ ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ረጅም መስመር እርሱ ነውና። ሹሙም ቦዩ ዘገየ የሚል ወሬ ቢሰማ፣ መንገድ ከሚጠርጉት ሠራተኞች እኩሌታውን አንሥቶ ወደ ቦዩ ሊልክ ይችላል። ነገር ግን ቦዩ የሚፈለገው ውሃ በሚለቀቅበት በግንቦት 1 ቀን ስለ ሆነ፣ ከየካቲት 16 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ 75 ትርፍ ቀን አለው፤ 60 ቀን ቢዘገይ እንኳ የሥራው ፍጻሜ አይነካም። መንገዱ ግን፣ በሥዕሉ ላይ አጭር ሆኖ ቢታይም፣ ትርፍ ቀን የለውም። ድንጋዩ ያለ መንገድ አይጋዝም፤ መሠረቱ ያለ ድንጋይ አይሞላም። መንገዱ 20 ቀን ቢዘገይ ማስረከቢያው ከግንቦት 15 ወደ ሰኔ 5 ይሻገራል፤ ሙከራውም በደራሽ ውሃ ወራት ላይ ይወድቃል። መዘግየቱ ከዚህ ቢበረታ ያላለቀ ግንብ በጎርፍ ፊት ይቆማል፤ የወጣው ገንዘብ ይባክናል፤ ውሃውን ተስፋ አድርጎ የነበረው ገበሬም የአንድ ዓመት መስኖ ያጣል።

እንግዲህ ሹሙ ቸልተኛ ሳይሆን፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይዋሽ፣ የሥዕሉ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ይህን ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱም ቀላል ነው። በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የጋንት ሠንጠረዡ ተከፍቶ ሳለ ‹ፎርማት› በሚለው ገጽ ላይ ‹ክሪቲካል ታስክስ› የሚል ሣጥን አለ። በእርሱ ላይ ምልክት ቢደረግ ትርፍ ቀን የሌላቸው ተግባሮች ሁሉ ወዲያው ቀይ ይሆናሉ። በአጠገቡ ‹ስላክ› የሚለው ሣጥን ቢመረጥ፣ ትርፍ ቀን ያለው ተግባር ያለው ትርፍ ምን ያህል እንደ ሆነ ከመስመሩ ቀጥሎ በቀጭን መስመር ይታያል። በዚህ ምሳሌ ሰባቱ ተግባሮች ቀይ ሆነው፣ ቦዩ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ 75 ቀን የሚያህል ቀጭን መስመር አስከትሎ ይገኛል። ሠራተኛ ከየት ወደ የት መዛወር እንደሚገባው ለሹሙ የሚነግረው ይህ ሥዕል ነው።

ለሁሉ የሚሆን ደንብና በእጅ የሚቀባ ቀለም

የተግባርን መልክ ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ‹ባር ስታይልስ› በሚባለው ሠንጠረዥ ደንብ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው አንዱን ተግባር ብቻ መርጦ በእጅ ቀለም መቀባት ነው። ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

በደንቡ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሕግ ነው። በረድፉ ውስጥ ሕጉ ለምን ዓይነት ተግባር እንደ ሆነ፣ መስመሩ ከየትኛው ቀን ተነሥቶ እስከ የትኛው ቀን እንደሚሣል፣ ምን ቅርጽ፣ ምን ዝርዝር ንድፍና ምን ቀለም እንዲኖረው ይጻፋል። ተራው ተግባር፣ ብዙ ተግባሮችን የሚጠቀልለው ዋና ርእስ፣ ቀን የማይፈጀውና የአንድ ምዕራፍ ፍጻሜ ብቻ የሚያመለክተው ማይልስቶን፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ረድፍ አላቸው። ማይልስቶን እንደ ልማዱ በጥቁር ባለ አራት ማዕዘን አልማዝ ቅርጽ ይሣላል። ከታች ያለው ረድፍ ከላይ ባለው ላይ ተደርቦ ስለሚሣል፣ አዲስ ሕግ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ ልቆ እንዲታይ የሚፈልገውን ወደ ታች ያድርገው።

በደንብ የተሰጠ ቀለም የተግባሩን ሁኔታ ይከተላል። ዛሬ ትርፍ ቀን የነበረው ቦይ ነገ ትርፉን ቢጨርስ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ቀይ ያደርገዋል። በእጅ የተቀባ ቀለም ግን ሁኔታን አያውቅም፤ ባለፈው ወር ቀይ የተቀባ ተግባር ችግሩ ካለፈ በኋላ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ የተቸገረውም የሚቀባው ሰው እስኪያስታውሰው ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ይቈያል። ስለዚህ በእጅ መቀባት ለአንድ ስብሰባ ወይም ለአንድ ቀን ማስረጃ ካልሆነ በቀር የሚመከር አይደለም። ጋንት ፕሮጀክት በሚባለው ፕሮግራም የየተግባሩ ቀለም የሚሰጠው በየተግባሩ መግለጫ ገጽ ላይ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚሠራ ሰው በተለየ ይጠንቀቅ፤ ትርፍ ቀን የሌላቸውንም ተግባሮች ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያሳያቸው ይዘዘው።

ውሳኔ የሚጠብቁትን ለይቶ ማሳየት

አንዳንድ ተግባር የሚቆመው ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ ፊርማ፣ የገንዘብ ትእዛዝ ወይም የመሬት ካሣ ውሳኔ አጥቶ ነው። እንዲህ ያለው ተግባር በሥዕሉ ላይ ከሌላው ካልተለየ፣ ሹሙ ሌሎችን ሲወቅስ መዘግየቱ ከራሱ ጠረጴዛ እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

ለዚህ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ‹ፍላግ› የሚባሉ 20 ባዶ ምልክቶች አዘጋጅቷል፤ በእያንዳንዱም ‹አዎን› ወይም ‹አይደለም› ብቻ ይመዘገባል። ሥራ አስኪያጁ ‹ፍላግ 1›ን የሹም ውሳኔ ለሚጠብቁ ተግባሮች ይስጠው፤ በደንቡ ሠንጠረዥ መጨረሻም ለዚህ ምልክት አንድ ረድፍ ከፍቶ የተለየ ቀለም ይስጠው። ከዚያ በኋላ በተግባሩ ፊት ‹አዎን› ሲባል መስመሩ ይለወጣል፤ ውሳኔው ሲገኝ ‹አይደለም› ሲባል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከመስመሩ በስተቀኝ ደግሞ የኃላፊውን ስም ማጻፍ ይቻላል፤ ጽሑፉ በግራ፣ በቀኝ፣ በላይ፣ በታች ወይም በመስመሩ ውስጥ እንዲሆን በዚያው ሠንጠረዥ ይታዘዛል። የተግባሩ ስምና የኃላፊው ስም በአንድ ረድፍ ሲታዩ፣ ማን እንደሚጠየቅ ለማወቅ ሌላ ደብዳቤ አያስፈልግም።

ነገር ግን ምልክት ሲበዛ ምልክትነቱ ይጠፋል። ቀዩ ትርፍ ቀን ለሌለው፣ አንድ ሌላ ቀለም ውሳኔ ለሚጠብቀው፣ ሰማያዊው ለቀረው ከሆነ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ መሐንዲስና ለእያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ቀለም የተሰጠበት ሠንጠረዥ የገበያ ጥለት ይመስላል እንጂ ምክር አይሰጥም።

የጸደቀውን ዕቅድ ከተሠራው ጋር አስተያይቶ ማየት

ፕሮግራሙ አንድ ተግባር በዘገየ ጊዜ ተከታዮቹን ሁሉ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ከዚህም የተነሣ በወሩ መጨረሻ የሚታተመው ሥዕል ሁልጊዜ የተስተካከለ ይመስላል፤ መስመሮቹ ሁሉ በሥርዓት ተያይዘው ይታያሉና። ሥራው ግን ከተፈቀደለት ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማወቅ ዕቅዱ በጸደቀበት ቀን ‹ቤዝላይን› ተብሎ የሚቀመጥ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያም ‹ትራኪንግ ጋንት› በሚባለው ዕይታ የጸደቀው ዕቅድ ከታች በግራጫ፣ ያሁኑ ከላይ በሌላ ቀለም ሆኖ ለእያንዳንዱ ተግባር ሁለት መስመር ይሣላል። ላይኛው ከታችኛው ወደ ቀኝ የራቀበት ልክ የመዘግየቱ ልክ ነው። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት እስከ 11 የሚደርሱ ቅጂዎችን ይይዛል። በመካከል ዕቅዱ በሥልጣን ከተሻሻለ አዲሱ በሁለተኛው ቅጂ ይቀመጥ እንጂ የፊተኛው አይደምሰስ። ከመዘግየት በኋላ የመጀመሪያውን ቅጂ በአዲስ መተካት መዘግየቱን ከወረቀት ላይ ያጠፋዋል፤ ከወንዙ ላይ ግን አያጠፋውም።

በመስመሩ ውስጥ ስለሚሣለው ጥቁር ቀጭን መስመርም ማስተዋል ይገባል። እርሱ የሚያመለክተው ከተግባሩ ቀኖች ስንት እጅ እንዳለፈ እንጂ ከግንቡ ስንት ሜትር እንደ ተሠራ አይደለም። የ60 ቀን ግንብ 50 ከመቶ ተፈጽሟል ሲባል የ30 ቀን ሥራ ተቈጥሯል ማለት ነው። የተገነባው ድንጋይ በዓይን ታይቶ በመለኪያ ሲረጋገጥ የሚሞላበት ‹ፊዚካል ፐርሰንት ኮምፕሊት› የሚባል ሌላ ዓምድ አለ፤ ሹሙ ይህ ዓምድ ከሥዕሉ አጠገብ እንዲታተም ቢያዝ መልካም ነው።

ስለ ቀን አቈጣጠርና ስለ ዕረፍት ቀኖች

እነዚህ ፕሮግራሞች በተለመደው አሠራራቸው ቀንን የሚቈጥሩት በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው። በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 1 የሚባለው ቀን በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ጁን 8 ሆኖ ይገኛል። ይህን የማያስታውስ አንባቢ ጁን 1ን የሰኔ መባቻ አድርጎ ቢወስድ የሰባት ቀን ስሕተት ይሠራል። ስለዚህ ‹ቴክስት› ከሚባሉት ባዶ ዓምዶች በአንዱ የፍጻሜው ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፎ ከመስመሩ ጎን እንዲታይ ማድረግ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ግን በእጅ የገባ ስለ ሆነ ቀኑ በተለወጠ ጊዜ አብሮ እንደማይለወጥ አይዘንጋ፤ ከመታተሙ በፊት ይመርመር።

እሑድና በዓላት፣ እንዲሁም ገበሬው ለአጨዳ ወይም ለአውድማ የሚሄድበት ጊዜ በፕሮግራሙ መቍጠሪያ ላይ የማይሠራባቸው ቀኖች ተብለው ቢመዘገቡ፣ በሥዕሉ ላይ በጥላ ተለይተው ይታያሉ፤ ፕሮግራሙም ሥራ አይመድብባቸውም። ሥራው ማለፍ የሌለበት ቀን ደግሞ ‹ዴድላይን› በሚለው ቦታ ይጻፍ፤ በሥዕሉ ላይ የቀስት ምልክት ይሆናል፤ ተግባሩ ከዚያ ቀን ቢያልፍ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በምሳሌው ሥራ ይህ ምልክት በማስረከቢያው ላይ በግንቦት 30 ቀን ቢተከል፣ ሹሙ ከዝናሙ በፊት ምን ያህል ቀን እንደ ቀረው በአንድ እይታ ያውቃል። የጊዜው ራስጌም ከሥራው ርዝመት ጋር ይመጣጠን፤ የ195 ቀን ሥራ በየቀኑ ቢከፈል ወረቀቱ አይበቃውም፤ በወርና በሳምንት ቢከፈል ግን ወደ 28 የሚጠጉ ዓምዶች ብቻ ይሆናል።

ስለ ተሸሸጉ ተግባሮችና ስለ ማተም

‹ፊልተር› የሚባለው መሣሪያ ከብዙ ተግባር ጥቂቱን ብቻ ለይቶ ያሳያል። የዘገዩትን ብቻ ወይም የአንድ ኃላፊ ተግባሮችን ብቻ ለማየት እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን የተሸሸገው ተግባር ከዕቅዱ አልወጣም፤ ቀኑ እየተቈጠረ ነው። በፊልተር የታተመ ወረቀት ሙሉ ዕቅድ ተብሎ ቢቀርብ ሹሙን ያሳስታል፤ ስለዚህ የፊልተሩ ስም በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጻፍ።

በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታተመው በጥቁርና በነጭ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ቀዩም ሰማያዊውም ግራጫ ሆነው ይመሳሰላሉ። ቀይና አረንጓዴን ለይተው የማያዩ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ልዩነቱ በቀለም ብቻ ሳይሆን በንድፍም ይሁን፤ ትርፍ ቀን የሌለው ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሳኔ የሚጠብቀው በሰያፍ የተሠነጠቀ፣ ሌላው ሜዳው ባዶ ቢሆን ማናቸውም ማተሚያ አያጠፋውም። የምልክቶቹ ትርጓሜም በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ይታተም። በደንቡ ሠንጠረዥ ስሙ በኮከብ ምልክት የሚጀምር ረድፍ በትርጓሜው ውስጥ ስለማይወጣ፣ አስፈላጊው ምልክት በዚህ ምክንያት ሳይተረጐም እንዳይቀር ይታይ።

የጽሑፉ ማጠቃለያ

ሹማምንትና ሰፊ እርሻ የሚያሳርሱ ባለይዞታዎች ፕሮግራሙን በእጃቸው ይሠሩበት ዘንድ ግዴታ የለባቸውም። የሚቀርብላቸውን ሥዕል መመርመር ግን የእነርሱ ፈንታ ነው። ወረቀቱ በቀረበ ጊዜ አምስት ነገር ይጠይቁ። 1ኛ፤ ትርፍ ቀን የሌላቸው ተግባሮች የትኞቹ ናቸው፣ በምንስ ተለይተዋል? 2ኛ፤ ቀለሙ የተሰጠው በደንብ ነው ወይስ በእጅ? 3ኛ፤ የጸደቀው ዕቅድ ከታች ይታያልን፣ ቅጂውስ የተያዘው በየትኛው ቀን ነው? 4ኛ፤ የሹም ውሳኔ የሚጠብቀው ተግባር የትኛው ነው? 5ኛ፤ በፊልተር የተሸሸገ ተግባር አለን?

ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ሥዕል፣ መስመሩ ያማረ ባይሆንም፣ ሥራውን ያሳያል። መልስ የማይሰጥ ግን ምንም ያህል ቢያጌጥ ተመልሶ እንዲሰናዳ ይታዘዝ። ትእዛዙም ኅዳር ላይ ቢሰጥ የሚያስከፍለው የአንድ ጸሓፊ የግማሽ ቀን ድካም ነው፤ ሰኔ ላይ ቢሰጥ ግን ጎርፉ ቀድሞ ደርሷል።